ከአማቴ ጋር ጂፒኤስ የመረጥንበት ሰሞን

አሮጌዋን የመስክ መኪና የገዛናት አያት ሰፈር ገብተን ብዙ ሳንቆይ ነው። አንድ ፕሮጀክት ሥራውን ጨርሶ ንብረቱን በጨረታ ሲሸጥ አገኘኋት። ከፍ ያለች፣ ነጭ ቀለሟ የደበዘዘ፣ በሯ ሲዘጋ ጎረቤት የሚቀሰቅስ መኪና ነበረች። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ተቀምጬ ስለምውል፣ ከከተማ ወጥቼ ድንጋይና አቧራ ካላየሁ እረፍት ያደረግሁ አይመስለኝም። ባለቤቴ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ጭነት ክፍል ነው የምትሠራው። ከፈረቃ ስትመለስ መኪናዋን ግቢ ውስጥ ቆማ አገኘቻትና ዞር ዞር እያለች አየቻት።

«ጥሩ ናት» አለች። «ግን አንተ ከገርጂ መገናኛ ስትሄድ እንኳ ትጠፋለህ። መንገድ የሚያሳይህ ነገር ካላስገጠምክባት ከሰንዳፋ ማዶ አትወጣባትም።»

እውነቷን ነው። የአቅጣጫ ነገር አይሆንልኝም። የሰው ቤት ስሄድ «ቀዩ ሱቅ ጋ ታጠፍ» ካልተባልኩ አልደርስም። ሱቁ ቀለም ከቀየረ ደግሞ ደውዬ እጠይቃለሁ። ስለዚህ ጂፒኤስ ፍለጋ ገባሁ። በዚያ ፍለጋ ውስጥ አማቴ እንዴት እንደገቡበት ነው ማውራት የፈለግሁት።

አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ የኮንዶሚኒየም እጣ ወጥቶላቸው ከገርጂ ወደ የካ አባዶ ተዛውረው ምድር ቤት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። እኔና እሳቸው ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ እንደተፋፈርን ነበር የኖርነው። ቤታቸው ስገባ ይነሡልኛል፤ እሳቸው ተነሥተው እኔ አልቀመጥም፤ እኔ ሳልቀመጥ እሳቸው አይቀመጡም። ባለቤቴ ከጓዳ ወጥታ «በቃ ተቀመጡ እንጂ!» እስክትለን ድረስ ሁለታችንም ቆመን ስለ ዝናቡ እናወራለን። ከዝናቡ ሌላ ወሬ አልነበረንም።

በዚያ ሰሞን ዓይናቸው መድከም ጀመረ። ግላኮማ ነው ተባለ። ቦሌ ከሚገኝ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ነበራቸውና ባለቤቴ ፈረቃ ስለገባች እኔ ይዣቸው ሄድኩ። ሐኪሙ ለምርመራ ዓይናቸው ውስጥ ጠብታ ጨመረባቸው። ሲወጡ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ብርሃኑን እየሸሹ፣ ክንዴን ሳይይዙ ግን ወደ ክንዴ ተጠግተው ይራመዱ ነበር። ክንዴን ልስጣቸው ወይስ ልተው እያልኩ ስጨነቅ፣ ከሐኪም ቤቱ ማዶ የመኪና ቴፕና ካሜራ የሚገጥም ሱቅ አየሁ።

«አባባ፣ ለአንድ አፍታ እዚህ ጎራ ብንል ይደክምዎት ይሆን?»

«ዓይኔ ነው እንጂ እግሬ አልታመመም» አሉኝ።

ሱቁ ውስጥ አንዲት ወጣት ሻጭ ወንበር አቀረበችላቸው። ለእሷ የመኪናዋን ነገር አስረዳኋት፤ በአዘቦት ቀን ከአያት ቦሌ፣ ሲመቸኝ ደግሞ አስፋልት ወደሌለበት።

«ሁለቱንም እኩል የሚችል አላየሁም» አለች በግልጽ፤ የሻጭ ሳይሆን የጓደኛ ምክር ይመስል ነበር። ከመስታወቱ ሥር ሁለት ዕቃ አወጣች። አንደኛው ሰፊ ስክሪን ያለው፣ ዳሽቦርድ ላይ የሚለጠፍ፣ እያንዳንዱን መታጠፊያ በድምፅ የሚናገር ነው። ሁለተኛው በእጅ የሚያዝ፣ ወፍራም ላስቲክ የለበሰ፣ ስክሪኑ ከእጅ መዳፍ ያነሰ፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ነው። አይናገርም። ከሳተላይት ጋር ብቻ ስለሚገናኝ ግን ኔትወርክ አይፈልግም።

«ስልኬስ?» አልኳት።

«ስልክህ ከተማ ውስጥ ይበቃሃል። ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ካርታው ይጠፋብሃል፤ አንተ ነጭ ወረቀት ላይ የቆምክ ሰማያዊ ነጥብ ትሆናለህ።»

የሚናገረውን ከፈተችው። ከውስጡ አንዲት የፈረንጅ ሴት በእንግሊዝኛ ወደ «ሜጌናግና» ሂዱ አለችን። አማቴ ጥቁር መነጽራቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ።

«የት ነው ያለችው?»

«መገናኛ ለማለት ነው፣ አባባ።»

ሳቁ። አማቴን ሲስቁ ስሰማ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር ማለት እችላለሁ። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ያለ ድምፅ ነበር የሚስቁት። «ድገሚልኝ እስቲ» አሏት ሻጯን። ደገመችላቸው። ገርጂንም አስጠሯት፤ ፈረንጇም የባሰውን ብላ ጠራችላቸው።

ከዚያ ሻጯ ትንሹን ዕቃ እጄ ላይ አደረገችው። ስክሪኑ ላይ እንደ ጣት አሻራ የተጠማዘዙ ቀጫጭን መስመሮች ነበሩ። ምን እንደሆኑ አልገባኝም።

«ምን ይታይሃል?» አሉ አማቴ።

«መስመሮች ናቸው። ይዞራሉ፣ ይጠማዘዛሉ፣ አንዳንድ ቦታ ይቀራረባሉ…»

«ኮንቱር!» አሉና ከወንበራቸው ተነሡ። «ኮንቱር ናቸው፤ የከፍታ መስመሮች! በአንዱ መስመር ላይ ያለ መሬት ሁሉ ከፍታው እኩል ነው። የሚቀራረቡበት ገደል ነው፤ የሚራራቁበት ሜዳ። ይኼን እዚህ ውስጥ ከተቱት?» እጃቸውን ዘረጉ። ዕቃውን ሰጠኋቸው። ጠብታው ገና ስላልለቀቃቸው ምንም እንደማያዩ አውቃለሁ፤ እሳቸው ግን ስክሪኑን በአውራ ጣታቸው ይዳብሱት ነበር።

መምረጥ አቃተን። ሻጯ ለሱቁ ባለቤት ደውላ ካስፈቀደች በኋላ «መታወቂያ አስይዛችሁ ሁለቱንም ሞክሯቸውና ሰኞ የማትፈልጉትን መልሱ» አለችን። የእኔን ላወጣ ስል አማቴ ቀድመውኝ የራሳቸውን አወጡ።

«የኔን ያዢው። እሱ መኪና ይነዳል፤ እኔ ማን ይጠይቀኛል?»

የከተማውን ፈተና እዚያው ጀመርን። የሚናገረው ዳሽቦርዱ ላይ ተለጥፎ፣ መድረሻው የካ አባዶ ተሞልቶ፣ ከቦሌ ተነሣን። መገናኛ ድረስ ጥሩ መራችን። ካለፍን በኋላ ግን ግራ ታጠፉ ያለችን መንገድ ለግንባታ ተቆፍሮ በቆርቆሮ ታጥሯል። አለፍኩት። ተመለሱ አለች። አሁንም አለፍኩ። አሁንም ተመለሱ አለች።

«እሺ እመቤት፣ ታገሺን» አሏት አማቴ። «ቆፍረውታል እኮ ነው የሚልሽ።»

በሲኤምሲ በኩል ከባቡሩ ሐዲድ ጎን ለጎን ስንጓዝ ስለ ሰፈሩ ያወሩኝ ጀመር። «አሁን የት ደረስን?» ይላሉ፤ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ የድሮውን ይነግሩኛል። ከመገናኛ ወዲያ ገብስ ነበር አሉ። ተማሪዎቻቸውን ይዘው ለመስክ ትምህርት እስከዚህ በእግር ይመጡ ነበር። አንድ ኮረብታ ላይ አቁመዋቸው፣ የሚያዩትን መሬት በመስመር እንዲስሉ ያዟቸው ነበር። «ኮረብታው የቱ ጋ እንደነበር አሁን ባይም አላውቀው» አሉ። «ፎቅ ሲሠራበት አናቱን ቆርጠውት ይሆናል።» ይህን ሲሉ ቅር ያላቸው አይመስሉም ነበር። ቅር ያለው እኔን ነው። ያን የገብስ ማሳ አይቼው ባላውቅም፣ የጠፋብኝ ነገር መሰለኝ።

የካ አባዶ ስንደርስ ሴትዮዋ ደርሳችኋል ብላ ዝም አለች። ዙሪያችንን ሁሉ አንድ ዓይነት ሕንፃ ቆሟል፤ ቀለሙ አንድ፣ ደረጃው አንድ፣ ከበረንዳው የተሰጣው ልብስ እንኳ አንድ ዓይነት ይመስላል።

«የርስዎ የቱ ነው፣ አባባ?»

«እኔን ትጠይቃለህ? እኔ እኮ ታውሬ ነው የመጣሁት» አሉና እንደገና ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። በመጨረሻ አንዲት ጎረቤታቸው በመስኮት አይታን ጮኻ ጠራችን። ሁለት ሕንፃ አልፈን ሄደን ነበር።

ያን ቀን ቤታቸው ስገባ አልተነሡልኝም። ቀድመውኝ ተቀምጠው «ተቀመጥ» አሉኝ። ስለ ዝናብም አላወራንም። ገና ወጣት ሳሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለተመደቡበት ትምህርት ቤት ነገሩኝ። ከሰንዳፋ ማዶ፣ ደጋው አልቆ ቆላው በሚጀምርበት፣ አንድ ደረቅ ወንዝ ዳር የነበረ የጭቃ ቤት ነው። ኮንቱርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተማሩት እዚያ ነው። ካርታ ስላልነበራቸው ለልጆቹ መሬት ላይ በእንጨት ይስሉላቸው ነበር።

«ያን ቦታ ዓይኔ ሳይጠፋ አንድ ጊዜ ባየው ደስ ይለኝ ነበር» አሉ። ከዚያ በፊት አንዳች ነገር ጠይቀውኝ አያውቁም።

«እሁድ እንሂዳ» አልኳቸው። «ትንሹንም ዕቃ እንሞክረው።»

ያኔ በዚያ በኩል መውጣትና መግባት ሰው አያሳስበውም ነበር። ባለቤቴ እሁድም ሥራ ስለነበራት ዳቦና ውሃ ጭና «አባዬ፣ ኮፍያህን እንዳትረሳ፤ ደግሞ እሱን ዝም ብለህ አትመነው» ብላ ሸኘችን። በማለዳ በለገጣፎ ወጥተን፣ ሰንዳፋን አልፈን፣ ከአስፋልቱ ወጣን። ጤፍ በታጨደበት ሜዳ ላይ የመኪና ጎማ ብቻ ያወጣውን መንገድ ይዘን ስንሄድ ስልኬ እንደተባለው ሆነ። ካርታው ነጣ፤ ነጥቧ ብቻ ቀረች። የከተማዋም ሴትዮ ወደ አስፋልት እንድንመለስ ለምናን ለምናን ተወችን። አማቴ፣ ጠብታው ቢለቅም ዓይናቸው ሩቁንም ደቃቁንም ስለማይለይ፣ ትንሹን ዕቃ ከጭናቸው አንሥተው ሰጡኝ።

የደጋው ጫፍ ላይ መኪናዋን አቆምኩ። ከፊታችን መሬቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ማዶው በጉም ተሸፍኗል።

«አሁን ምን ይታያል?»

«መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ቁልቁል ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ አጭር ነው። ሌላው ወደ ግራ ይዞራል።»

«መንገዱን ተወው። መስመሮቹን ንገረኝ።»

«በአጭሩ በኩል በጣም ተጠጋግተዋል። ሊነካኩ ምንም አልቀራቸው።»

«በግራው?»

«ዘርዘር ብለዋል። እንደ ጣት ወደ ውጭ የወጣ ነገር አለ።»

«የተራራው ትከሻ ነው። በትከሻው ውረድ። ቀስ ብለህ።»

በከባድ ማርሽ ወረድን። እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ይተረጉማሉ። «ተቀራረቡ» ስል «ያዝ አድርጋት» ይላሉ፤ «ተራራቁ» ስል «አሁን ትንሽ ልቀቃት» ይላሉ። መኪና ነድተው አያውቁም፤ ግን ቁልቁለቱ ከእኔ ይልቅ ለእሳቸው ይታያቸው ነበር። መሐል ላይ ትከሻው ሲገለጥ ወደ ቀኝ ዞር ብዬ አጭሩን መንገድ አየሁት። ጎርፍ በልቶት ግማሹ ገደል ገብቷል። ለአማቴ ስነግራቸው ፊታቸው ላይ የተማሪውን ትክክለኛ መልስ የሰማ አስተማሪ ደስታ ነበር።

ታች ስንደርስ ሙቀቱ ተቀበለን። ግራርና አሸዋ፣ መሐሉ ላይ ውሃ የሌለው ሰፊ ወንዝ። አማቴ መስኮቱን ከፍተው አየሩን ሳቡ።

«ይኸው ነው» አሉ። «ወንዙን በግራ በኩል ያዝ። ትምህርት ቤቱ ግራ ዳር ላይ ነው፤ አልረሳውም።»

ዕቃው ላይ ትምህርት ቤት የሚል ነገር የለም፤ መስመርና ወንዝ ብቻ። ስለዚህ የሳቸውን ቃል ይዤ በግራው ዳር ነዳሁ። እሾኹ የመኪናዋን ጎን እየጫረ ብዙ ሄድን። ምንም የለም። «ትንሽ ቀጥል» አሉ። ቀጠልኩ። አሁንም ምንም የለም። ቀስ በቀስ ጨዋታቸው ቆመ። እኔም ግራር ጥላ ሥር አቆምኩ።

ያን ጊዜ አንዲት በዕድሜ ጠና ያለች ሴት ጄሪካን የጫኑ አህዮች እየነዳች መጣች። ወርጄ ሰላም አልኳትና የድሮ ትምህርት ቤት እንደምንፈልግ ነገርኳት።

«አዲሱ እላይ ነው፣ መንገዱ ጋ» አለች።

«አሮጌውን ነው። ወንዝ ዳር የነበረውን።»

«እሱማ ማዶ ነው። ያውና፣ ከወንዙ ወዲያ፣ በቀኝ።» ወደ መኪናው ጠጋ ብላ «እንደምን ዋሉ፣ አባቴ» አለቻቸው።

አማቴ ሰላምታዋን ከመመለሳቸው በፊት ግንባራቸውን መቱ። «ከገበያ ስመለስ ከታች ወደ ላይ ነበር የምመጣው! ዛሬ ከላይ ወረድን። ግራዬ ቀኝ ሆነ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ዕድሜዬን ሙሉ ልጆቹን ‹መጀመሪያ ሰሜንን ፈልጉ› ስል ኖሬ!» አሉ።

መኪናዋ በአሸዋው እንዳትያዝ ፈርቼ በእግር ተሻገርን። እጃቸውን ያዝኩ። ልጃቸውን ካገባሁ ከስንት ዓመት በኋላ እጃቸውን ስይዝ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ሴትዮዋ አህዮቿን ጥላ ሥር ትታ ከፊት መራችን። የቀረው ጣሪያ የሌለው ግድግዳ ነበር፤ ውስጡ የፍየል ማደሪያ ሆኗል። አማቴ በሩን በእጃቸው ፈልገው ገቡና በግድግዳው ሄደው አንድ ቦታ ቆሙ። ጥቁር ሰሌዳ ብለው ራሳቸው በከሰል የቀቡት እዚያ ነበር አሉ። እኔ ሳየው ጭቃ ብቻ ነው። «ትንሽ ጥቁር ነገር ይታያል?» አሉኝ። «ትንሽ» አልኳቸው። አላየሁም ነበር።

«እዚህ ያስተምሩ ነበር?» አለች ሴትዮዋ።

«አዎ ልጄ። አንቺ ተምረሻል እዚህ?»

«እኔ አልተማርኩም፤ ከብት ጠባቂ ነበርኩ። ወንድሜ ግን ተምሯል። ማታ ሲመጣ ደጃችን ላይ በእንጨት ክብ በክብ፣ ክብ በክብ እያደረገ ይስልና ‹ይኼ ተራራ ነው› ይለን ነበር። እናቴ ‹ተራራ መቼ ክብ ሆነ፣ ልጄን አሳበዱት› ትል ነበር።» ሳቀች። «አሁን ናዝሬት ነው፤ ልጆች ወልዷል።»

ስሙን ጠየቋት። ነገረቻቸው። አማቴ ስሙን ቀስ ብለው ደገሙትና «ሰላም በይልኝ» አሏት። የያዝነውን ዳቦ ለሁለት ከፍለን ግማሹን ሰጠናት፤ መርቃን አህዮቿን ይዛ ሄደች።

ተሻግረን መኪና ውስጥ ገባን።

«ልጁን አላስታወስኩትም» አሉኝ። «ስሙን ሁለቴ ሦስቴ ለራሴ ጠራሁት። ፊቱ አልመጣልኝም። እሱ ግን ክቡን አልረሳም።»

 «እንመለስ?» አልኩ።

በደጋው በኩል ዳመና ተከምሮ ነበር። ሽቅብ መውጣት ስንጀምር ያለ ወቅቱ ዝናብ ጣለ፤ የጎማችን ዱካ ጠፋ፤ ጉሙም ወረደ። ትንሹ ዕቃ ግን የመጣንበትን ሁሉ በነጠብጣብ ይዞት ነበር። ነጥቦቹን ተከትዬ በዚያው ትከሻ ላይ ወጣሁ። አማቴ ከጎኔ «ደረስን?» አይሉም፤ ያን ቀን ሌላ መስመርም አልጠየቁኝም። ዝናቡን ያዳምጡ ነበር። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ዳሽቦርዷ ላይ ያለችው ሴትዮ ነቅታ ወደ አዲስ አበባ እንዴት እንደምንሄድ ልትነግረን ጀመረች፤ አማቴም «እንዴት ዋልሽ» አሏት።

ሰኞ ሱቁ ስሄድ አማቴ መታወቂያቸውን ራሳቸው ካልተቀበሉ አሻፈረኝ ስላሉ አብረን ሄድን። ሻጯ «የቱ ተመረጠ?» አለች። እኔ አፌን ሳልከፍት አማቴ የሚናገረውን አስረከቧት። «መልካም ልጅ ናት» አሉ፤ «ግን ስትሳሳት አታምንም።» ትንሹን አስቀረን። ለከተማው በስልኬ ተጠቀምኩ፤ ተቆፍሮ የታጠረውን መንገድ ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ስለሆነ። ዛሬም የትኛው ይሻላል ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ የምመክረው ይህንኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ዓመታት አብረን ወጣን። ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ እኔ መስመር ማንበብ እየተሻለኝ መጣ፤ መጨረሻ ላይ «ትከሻ ነው» የምለው እኔ ሆንኩ፤ እሳቸው «እርግጠኛ ነህ?» ይላሉ። ባለቤቴ «አባቴን ወሰድክብኝ» እያለች ትቀልድ ነበር። አንድ ክረምት ላይ ታመሙ፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ቀብራቸው ላይ የማላውቃቸው ትልልቅ ሰዎች መጥተው «አስተማሪዬ ነበሩ» እያሉ እጄን ጨበጡኝ። የእያንዳንዳቸውን ስም ጠየቅሁ፤ ለማን እንደምነግረው ግን አላውቅም።

ዕቃው ቆይቶ ስክሪኑ ጠቆረ። ላስጠግነው የሞከርኩ ጊዜ ቦሌ ያለው ሱቅ የነበረበት ሕንፃ ለመንገድ ማስፋፊያ ተነሥቶ፣ ቦታው ላይ የእግረኛ መንገድና አበባ ተተክሎበት አገኘሁት። አሁን ካርታ ቀድሜ ስልኬ ላይ አውርጄ እሄዳለሁ፤ ኔትወርክ ቢጠፋም ኮንቱሩ አይጠፋም። መኪናዋ ዛሬም አለች። ባለፈው በጋ ባለቤቴ ፈረቃ አልነበራትምና ቤተሰቡ ሁሉ ተጭኖ ከቢሾፍቱ ማዶ ወዳለ አንድ ሐይቅ ወጣን፤ የነዳችውም እሷ ናት። መንገዱ ሲከፈል ልጆቻችን ከኋላ በየስልካቸው የተለያየ መንገድ እያሳዩ ተጨቃጨቁ፤ እኔም ኮንቱሩን ልተረጉምላት የራሴን አወጣሁ። እሷ ማናችንንም አልሰማችም። መስኮቷን ዝቅ አድርጋ፣ ጭድ የተሸከመ ሰውዬን «ጋሼ፣ ሐይቁ በየት ነው?» ብላ ጠየቀችና ታጠፈች።